አበበ ቢቂላ

ሻምበል አበበ ቢቂላ (ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. – ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም.) ኢትዮጵያዊ የማራቶን ሯጭና የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። በ1952 ዓ.ም. መጨረሻ በሮም፣ በ1957 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ በቶክዮ የኦሊምፒክ ማራቶንን አሸንፏል። የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በማሸነፍ በታሪክ የመጀመሪያው ሰው ሲሆን፣ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊም ነው። በሁለቱም ድሎቹ የዓለምን ምርጥ ሰዓት አሻሽሏል። በሕይወቱ ከሮጣቸው 16 ማራቶኖች 12ቱን አሸንፏል፤ በመጀመሪያው ሁለተኛ ሆኗል፤ በቦስተን አምስተኛ ወጥቷል፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት ግን በእግር ጉዳት ምክንያት አቋርጧል። በ1961 ዓ.ም. በደረሰበት የመኪና አደጋ ኅብለ ሰረሰሩ ተጎድቶ ከዚያ በኋላ በእግሩ አልሄደም።

ስለ አበበ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚነሣው በባዶ እግሩ መሮጡ ነው። የሕይወት ታሪኩ ግን የጉዳትና የሕክምና ታሪክም ነው። ከቶክዮ በፊት የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል፤ ከሜክሲኮ በፊት የጭኑ ጡንቻና የቅልጥሙ አጥንት ተጎድተዋል፤ በመጨረሻም አንገቱ። ይህ ጽሑፍ ሩጫውን ሳይዘነጋ በዚህ በኩል ላለው ታሪክ ሰፊ ቦታ ይሰጣል።

ልጅነትና ውትድርና

አበበ የተወለደው በሸዋ ክፍለ ሀገር ከደብረ ብርሃን ብዙ በማይርቀው በመንዲዳ አካባቢ፣ ጃቶ በምትባል መንደር ነው። አባቱ ቢቂላ ደምሴ፣ እናቱ ውድነሽ በነበሩ ይባላሉ። የተወለደበት ቀን የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ማራቶን ከተሮጠበት ቀን ጋር አንድ ነው፤ ይህ አጋጣሚ በሕይወት ታሪኩ ላይ የጻፉ ሰዎች የማይዘሉት ነገር ነው። ጣሊያን ኢትዮጵያን ሲወር ቤተሰቡ ጎሮ ወደሚባል ራቅ ያለ ስፍራ ተሰደደ። በዚያው ዘመን ወላጆቹ ተለያይተው እናቱ ሌላ ባል አግብተው ነበር። ኋላ ወደ ትውልድ አካባቢያቸው ተመልሰው በእርሻ ኖሩ። አበበም እንደ አገሬው ልጅ ከብት እየጠበቀና ገና እየተጫወተ አደገ።

በ1940ዎቹ አጋማሽ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ክብር ዘበኛ ተቀጠረ። በየቀኑ ከሱሉልታ ኮረብታዎች እስከ አዲስ አበባ 20 ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጠ ይመላለስ እንደነበረ ይነገራል። የጦር ሠራዊት ውድድሮች የዚያን ጊዜ ጀግና ዋሚ ቢራቱ ነበር፤ አበበ በ1948 ዓ.ም. ገደማ በጦር ኃይሎች ሻምፒዮና ከእርሱ ቀጥሎ ሁለተኛ ወጣ። በዚህ ጊዜ ያስተዋለው ስዊድናዊው አሠልጣኝ ሻለቃ ኦኒ ኒስካነን ነው። ኒስካነን ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በኢትዮጵያ የኖረና የሠራ ሰው ሲሆን፣ ከአበበ ጋር የነበረው ትስስር ከአሠልጣኝነት አልፎ እስከ ሕመም አልጋው ድረስ የዘለቀ ነበር።

አበበ መጋቢት 7 ቀን 1952 ዓ.ም. ከወይዘሮ የውብዳር ወልደ ጊዮርጊስ ጋር ተጋባ። አራት ልጆች ወልደዋል። በዚያው ዓመት ክረምት በአዲስ አበባ በተደረገ የማጣሪያ ማራቶን 2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሴኮንድ ገባ። ይህ የቼኮዝሎቫኪያው ኤሚል ዛቶፔክ በሄልሲንኪ ካስመዘገበው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን የፈጠነ ነበር፤ ሆኖም ከኢትዮጵያ ውጭ ማንም ልብ አላለውም።

ሮም

የሮም ማራቶን ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ማምሻውን ከካፒቶሊን ኮረብታ ሥር ተጀምሮ በቆስጠንጢኖስ ቅስት አጠገብ በችቦ ብርሃን ተፈጸመ። ለቡድኑ ከቀረቡት ጫማዎች አንዱም ለአበበ እግር አልተመቸም። በልምምድ ጊዜ በባዶ እግርም በጫማም ይሮጥ ስለነበረ፣ ከማይመች ጫማ ባዶ እግርን መረጠ። ውሳኔው ከድህነት ወይም ከጀብደኝነት የመጣ ተደርጎ ሲተረክ ይሰማል፤ ነገሩ ግን የጥንቃቄ ነበር። አዲስ ጫማ በ42 ኪሎ ሜትር ውስጥ የሚያወጣው ውኃ መቋጠር ሯጩን አነካክሶ ሌላውን እግርና ጉልበት ሊያስጎዳ ይችላል። ከልጅነቱ ጀምሮ ያለ ጫማ የሄደ እግር ደግሞ የውስጥ እግሩ ቆዳ የጠነከረ፣ የእግር ጣቶቹና የእግር ቅስቱ ጡንቻዎች የዳበሩ ናቸው።

ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም እስከ መጨረሻው አብሮት ሮጠ። አበበ አፈትልኮ የወጣው የፋሺስት ጦር ከአክሱም ዘርፎ ባቆመው ሐውልት አካባቢ ሲደርስ ነው። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሴኮንድ ገባ፤ ራዲ ከ25 ሴኮንድ በኋላ ተከተለው። ከዚያ በፊት የነበረው የዓለም ምርጥ ሰዓት የተሻሻለው በአንድ ሴኮንድ እንኳ ባልሞላ ልዩነት ነበር። ሐውልቱ ራሱ ወደ አክሱም የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ አበበ ይህን አላየም።

ወደ አገሩ ሲመለስ ንጉሠ ነገሥቱ ሸልመው የአሥር አለቃነት ማዕረግ ሰጡት። ሦስት ወር ሳይሞላ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ መኮንኖች የመንግሥት ግልበጣ ሞከሩ። አበበ በሙከራው እጁ ባይኖርበትም እንደ ሌሎቹ የክፍሉ ወታደሮች ተይዞ ተጠይቆ ተለቀቀ። በቀጣዮቹ ዓመታት በአቴንስ፣ በኦሳካና በኮሺትሴ አሸነፈ። በሚያዝያ 1955 ዓ.ም. በቦስተን ከማሞ ወልዴ ጋር እስከ ውድድሩ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ሲመራ ቆይቶ በብርዱ፣ በንፋሱና በዳገቱ ተዳክሞ አምስተኛ ወጣ። ውድድሩን ፈጽሞ ያላሸነፈበት ብቸኛ ዓለም አቀፍ ማራቶን ይህ ነው።

ትርፍ አንጀትና ቶክዮ

መስከረም 6 ቀን 1957 ዓ.ም. አበበ በደብረ ዘይት ልምምድ ላይ ሳለ ሕመም ተሰማው። ደብረ ዘይት ከአዲስ አበባ በቃሊቲና በአቃቂ በኩል የሚኬድባት፣ ከዋና ከተማው ዝቅ ያለች ሐይቅማ ከተማ ናት። ሆስፒታል ተወስዶ ሲመረመር የትርፍ አንጀት ብግነት ተገኘበት። ከሁለት ቀን በኋላ፣ መስከረም 8፣ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በጥቂት ቀናት ውስጥ ተነሥቶ መራመድ ጀመረ፤ መስከረም 13 ከሆስፒታል ወጣ። ማራቶኑ የሚሮጠው ጥቅምት 11 ነበር። ከቀዶ ሕክምናው እስከ ውድድሩ 33 ቀን ብቻ ነው ያለው።

የዚህን አደጋ ክብደት ለመረዳት ሐኪሙ የሚያልፍበትን መንገድ ማየት ያስፈልጋል። ትርፍ አንጀት በሆድ ቀኝ በኩል በታች፣ የትልቁ አንጀት መጀመሪያ ላይ የተንጠለጠለች ትንሽ ቱቦ ናት። ስትቆጣና መግል ስትይዝ ካልወጣች ልትፈነዳ ትችላለች፤ ከፈነዳች መግሉ በሆድ ዕቃ ውስጥ ተሰራጭቶ ሰውን ይገድላል። ስለዚህ ውድድሩ እስኪያልፍ መጠበቅ የሚታሰብ አልነበረም። በዚያን ዘመን ዛሬ እንደሚደረገው በትንንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ ማውጣት የለም፤ ሆድ መከፈት አለበት። በዚያ ቦታ የሆድ ግድግዳ እርስ በርሳቸው በተለያየ አቅጣጫ የተነባበሩ ሦስት ጡንቻዎች አሉት። አሜሪካዊው ሐኪም ቻርልስ ማክበርኒ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ያስተዋወቁት ዘዴ እነዚህን ጡንቻዎች በመቁረጥ ፈንታ ክሮቻቸውን በየአቅጣጫቸው ፈልቅቆ መግባት ነው። ያልተቆረጠ ጡንቻ ቶሎ ይገጥማል፤ ነርቩም አይበጠስም። ለሯጭ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በእያንዳንዱ እርምጃ ወገብንና ዳሌን አጽንቶ የሚይዘው፣ ትንፋሽንም የሚያግዘው ይህ የሆድ ግድግዳ ነውና። ስፌቱ ሳይጠና የሚደረግ ከባድ ሩጫ ቁስሉን ሊከፍት ወይም በዚያ በኩል ቡአ ሊያስከትል ይችላል።

አበበ ወደ ቶክዮ ሄደ። በዚህ ጊዜ ጫማና ነጭ ካልሲ አድርጎ ነበር። ከግማሽ በኋላ ብቻውን መራ፤ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሴኮንድ ገባ። ሁለተኛ የወጣው እንግሊዛዊው ቤዚል ሂትሊ የደረሰው ከአራት ደቂቃ በኋላ ነው። በስታዲየሙ የተሰበሰበው ሕዝብ ሻምፒዮኑ ተዝለፍልፎ ይወድቃል ብሎ ሲጠብቅ፣ አበበ ሣሩ ላይ ተጋድሞ እግሩን እያነሣ የሰውነት ማፍታቻ ይሠራ ጀመር። ይህን ያየ ሰው ከአምስት ሳምንት በፊት ሆዱ ተከፍቶ እንደነበረ አያምንም።

ለዚህ ድል ከተሰጡት ሽልማቶች መካከል የመቶ አለቃነት ማዕረግና አንዲት ነጭ ቮልስዋገን መኪና ነበሩ።

የእግር ጉዳቶች

አበበ ከ1957 እስከ 1959 ዓ.ም. መጀመሪያ በጃፓን፣ በስፔንና በደቡብ ኮሪያ ያደረጋቸውን ማራቶኖች አሸነፈ። በ1959 ዓ.ም. ክረምት በስፔኗ ሳራውትስ ሲሮጥ ግን ከጭኑ በስተኋላ ያለው ጡንቻ ተጎዳና ለመጀመሪያ ጊዜ ውድድር አቋረጠ። በሚቀጥለው ክረምት ለእግሮቹ ሕክምና ወደ ጀርመን ተላከ። ወደ ሜክሲኮ ከተማ ሲሄድ ዕድሜው 36 ሆኖ ነበር።

ውድድሩ አንድ ሳምንት ሲቀረው ግራ እግሩን አመመው። ሐኪሞች ባደረጉት ምርመራ ፊቡላ በሚባለው አጥንት ላይ ስብራት አገኙ፤ እስከ ውድድሩ ቀን ድረስም እግሩን እንዲያሳርፍ መከሩት። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. ቁጥር 1 ለጥፎ ተነሣ። 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ አቆመ። ማሞ ወልዴ ቀጥሎ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ አሸነፈ፤ የማራቶን ወርቅ ለሦስተኛ ተከታታይ ጊዜ ለኢትዮጵያ ሆነ።

ጉዳቱ አልፎ አልፎ የጉልበት ጉዳት ተብሎ ይጻፋል። ቦታው ለምን እንደሚቀላቀል መረዳት አይከብድም። በቅልጥም ውስጥ ሁለት አጥንቶች አሉ፤ ወፍራሙ ቲቢያ፣ ከውጭ በኩል ያለው ቀጭኑ ፊቡላ። ፊቡላ ከሰውነት ክብደት የሚሸከመው ጥቂቱን ብቻ ስለሆነ በቀጭን ስብራት ላይ እያለም ሰው ሊራመድ ይችላል፤ ሯጮች እያነከሱ ውድድር የሚጀምሩትም በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን የላይኛው ጫፉ የጉልበትን የውጭ ጎን የሚይዝ ጅማት የሚታሰርበት፣ ከጭን ኋላ ከሚወርዱት ጡንቻዎች የአንዱም መጨረሻ የሚያርፍበት ነው። የታችኛው ጫፉ ደግሞ የቁርጭምጭሚት የውጭ አንጓ ነው። ስለዚህ በሳራውትስ የተጎዳው የጭን ጡንቻና በሜክሲኮ የተሰበረው አጥንት በሩጫ ጊዜ አብረው የሚሠሩ ጎረቤቶች ናቸው። እንዲህ ያለው ስብራት በአንድ ምት ሳይሆን በተደጋጋሚ ጫና ሊመጣ ይችላል፤ መድኃኒቱም ከሁሉ በፊት ዕረፍት ነው። አንድ ሳምንት ደግሞ ለአጥንት ምንም አይደለም፤ የተሰነጠቀ አጥንት ለመግጠም ሳምንታት ይፈልጋል።

በአማርኛ ጅማት የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይሸከማል። አጥንትን ከአጥንት የሚያስረውም፣ ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘውም ጅማት ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ነርቭም በዚሁ ይጠራል። በቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ላይ ግን የእነዚህ ልዩነት የእግርን ዕጣ ይወስናል። ጉልበት በአራት ዋና ዋና ማሰሪያ ጅማቶች ይታሰራል፤ ሁለቱ በግራና በቀኝ ጎን፣ ሁለቱ ደግሞ በመገጣጠሚያው ውስጥ እንደ መስቀል ተላልፈው ይገኛሉ። ከመስቀላዊዎቹ የፊተኛው ሲበጠስ በራሱ አይገጥምም ማለት ይቻላል። በእንግሊዝ አገር የብሪስቶሉ ሐኪም ኧርነስት ሄይ ግሮቭስ እ.ኤ.አ. በ1917 ከሕመምተኛው ጭን በተወሰደ ጅማት መልሶ የመሥራት ዘዴ ቢያሳዩም፣ ሥራው በዓለም የተስፋፋው ከአበበ ዘመን በኋላ፣ በቀጭን መነጽር ጉልበት ውስጥ እያዩ መሥራት ሲለመድ ነው። ዛሬ ብዙ ጊዜ ለምትክነት የሚወሰደው ከቋንጃ የውስጥ ጎን የሚወርደው የጡንቻ ጅማት ነው። ሐኪሙ ይህን ሲያደርግ የሚፈራቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። ከጉልበት በስተኋላ፣ ቋንጃ ውስጥ፣ ለቅልጥም ደም የሚያደርሰው ትልቁ የደም ቧንቧ ከመገጣጠሚያው ሽፋን ጋር ተጠግቶ ያልፋል፤ መሰርሰሪያው ወደ ኋላ ካለፈ እግሩ ሊጠፋ ይችላል። በፊቡላ አንገት ላይ ደግሞ እግርን ወደ ላይ የሚያነሣው ነርቭ ከቆዳ ሥር ብዙም ሳይርቅ ይጠመጠማል። እርሱ ከተጎዳ ሰውየው የእግሩን ጫፍ ማንሣት አቅቶት እየጎተተ ይሄዳል። ጠባብ ጄሶ እንኳ በዚያ ላይ ቢጫን ይህንኑ ሊያመጣ ይችላል።

በአገራችን የተሰበረና የወለቀ የሚጠግነው ወጌሻ ነው፤ ስፖርተኛ ሜዳ ላይ ሲወድቅ ቦርሳውን ይዞ የሚሮጠው ባለሙያም እስከ ዛሬ በዚሁ ስም ይጠራል። የዘመናዊ የስፖርት ሕክምና ባለሙያና የራጅ መሣሪያ በየቦታው ባልነበረበት ዘመን፣ ለአንድ የኢትዮጵያ ሯጭ እግር ወደ ጀርመን መሄድ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

አደጋው

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት አበበ ቮልስዋገኑን እየነዳ ሳለ መኪናዋ ከቁጥጥሩ ወጥታ ተገለበጠች። ልጁ ፅጌ አበበ በጻፈችው የሕይወት ታሪኩ መሠረት በፍጥነት ከፊቱ የመጣ መኪና ለማምለጥ ሲል ነው፤ ሌሎች ጸሐፊዎች ሌላ ምክንያት ያነሣሉ። አበበ በመኪናው ውስጥ እንደ ተያዘ አደረ። በማግስቱ ጠዋት ወጥቶ ወደ ክብር ዘበኛ ሆስፒታል ተወሰደ። ከአንገቱ በታች መላ ሰውነቱ አይንቀሳቀስም ነበር።

የአንገት አከርካሪ ሰባት አጥንቶች አሉት፤ በመካከላቸው ባለው ቦይ ኅብለ ሰረሰር ያልፋል። ለእጆች የሚሄዱት ነርቮች በአብዛኛው የሚወጡት ከታችኛው የአንገት ክፍል ነው። ስለዚህ በዚያ አካባቢ የሚደርስ ጉዳት እጅንም እግርንም ይወስዳል። አጥንቱ ተሰብሮ ኅብለ ሰረሰሩ በከፊል ብቻ ተጎድቶ ሲገኝ፣ ቀሪውን የሚወስነው በሚቀጥሉት ሰዓታት የሚደረገው ነው፤ አንገቱ ሳይደገፍ ተጎትቶ የወጣ ሰው የነበረውን ቀሪ ስሜት ሊያጣ ይችላል። ዛሬ የመንገድ አደጋ ሠራተኞች በመጀመሪያ የሚማሩት ሕይወቱ በሌላ አደጋ ላይ ካልሆነ በቀር የተጎዳውን ሰው ራስና አንገት ሳያጸኑ አለማንቀሳቀስ ነው።

መጋቢት 20 ቀን አበበ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ ከለንደን ሰሜን ምዕራብ በሚገኘው ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተኛ። ስምንት ወር ቆየ። ንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊት ሆስፒታል ድረስ ጠይቀውታል፤ ከዓለም ዙሪያም የመልካም ምኞት ካርዶች ጎረፉለት።

የሆስፒታሉ ምርጫ ያለ ምክንያት አልነበረም። ከናዚ ጀርመን የተሰደዱት ነርቭ ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን እ.ኤ.አ. በ1944 በዚያ የአከርካሪ ጉዳት ክፍል ከፍተዋል። ከእርሳቸው በፊት ኅብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይሞት ነበር፤ የሚገድለውም ጉዳቱ ራሱ ሳይሆን የመኝታ ቁስልና የሽንት ኢንፌክሽን ነው። ስሜት የሌለው ቆዳ በአንድ ጎን ለሰዓታት ሲጫን ይሞታል፤ ሕመምተኛው አያመውምና አይገላበጥም። ጉትማን ያዘዙት በሽተኛው ቀንም ሌሊትም በየሁለት ሰዓቱ እንዲገላበጥ ነበር። ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ነርሶችንና ጥብቅ ሥርዓትን ግን ይጠይቃል። ችኩል የአከርካሪ ቀዶ ሕክምናን ይቃወሙ ነበር፤ በዚያን ዘመን የነበረው ዘዴ የተሰበረውን አከርካሪ ይበልጥ ያላላዋል ብለው ያምኑ ስለነበረ አጥንቱ በትክክለኛ አቀማመጥ ተኝቶ እንዲገጥም ያደርጉ ነበር። ሕመምተኞቻቸውን ደግሞ ወደ ቀስት ውርወራ፣ ወደ ጠረጴዛ ቴኒስና ወደ ሌላ ስፖርት አሠማሩ። እ.ኤ.አ. በ1948 በሆስፒታሉ ሜዳ የጀመሩት ውድድር የዛሬው ፓራሊምፒክ መነሻ ነው። አበበ ሲገባ ጉትማን ከሆስፒታሉ ሥራ ጡረታ ወጥተው ነበር፤ ሥርዓታቸው ግን እንዳለ ይሠራበታል።

አበበ መጀመሪያ ራሱን እንኳ ማንቀሳቀስ አይችልም ነበር። ቀስ በቀስ የእጆቹ እንቅስቃሴ ተመለሰለት። እግሮቹ አልተመለሱም።

በተሽከርካሪ ወንበር

በ1962 ዓ.ም. አበበ የቀስት ውርወራ ልምምድ ጀመረ፤ በዚያው ዓመት ክረምትም በስቶክ ማንደቪል ጨዋታዎች በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በሚያዝያ 1963 ዓ.ም. በኖርዌይ በተደረገ የአካል ጉዳተኞች ውድድር ላይ ተጋብዞ፣ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ተንሸራታች በ1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ17 ሴኮንድ 16 ተወዳዳሪዎችን አሸነፈ። በጃቶ ያደገ ሰው በበረዶ ላይ ማሸነፉ ከታሪኩ ሁሉ እንግዳው ክፍል ሳይሆን አይቀርም።

በ1964 ዓ.ም. መጨረሻ በሙኒክ ኦሊምፒክ የክብር እንግዳ ነበር። በመክፈቻው ላይ በተሽከርካሪ ወንበር ሲገባ ተመልካቹ ተነሥቶ አጨበጨበለት። ማራቶኑን ያሸነፈው አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር ሜዳሊያውን ከተቀበለ በኋላ ወደ አበበ ሄዶ እጁን ጨበጠ። ማሞ ወልዴ በዚያ ውድድር ነሐስ አገኘ።

ሞትና መታሰቢያ

አበበ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በአንጎል ደም መፍሰስ በ41 ዓመቱ ሞተ። ሞቱ ከአራት ዓመት በፊት ከደረሰበት አደጋ ጋር የተያያዘ መሆኑ ተገልጿል። ንጉሠ ነገሥቱ የብሔራዊ ሐዘን ቀን አወጁ፤ በቀብሩም ላይ ተገኙ። 65,000 ያህል ሰው እንደተገኘ ተገምቷል። የተቀበረው ከከተማው ወደ ቃሊቲና አቃቂ በሚወስደው የደብረ ዘይት መንገድ በኩል በሚገኘው የቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ በመቃብሩ ላይ የነሐስ ሐውልት ቆሟል።

በአዲስ አበባ አንድ ስታዲየም በስሙ ተሰይሟል። ከሮም ድል 50 ዓመት በኋላ፣ በ2002 ዓ.ም. የሮም ማራቶንን ያሸነፈው ሲራጅ ገና የመጨረሻዎቹን ጥቂት መቶ ሜትሮች ጫማውን አውልቆ በመሮጥ አስታውሶታል። በዚያው የደብረ ዘይት መንገድ አቅጣጫ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ ጥሩነሽ ዲባባ በቤጂንግ ላገኘችው ድርብ ወርቅ መታሰቢያ የሆነ ጥሩነሽ ቤጂንግ የተባለ ሆስፒታል ይገኛል። በአበበ ዘመን የአንድ ሯጭ ስም በስታዲየም ላይ ሊጻፍ ይችል ነበር እንጂ በሆስፒታል በር ላይ ይጻፋል ብሎ የሚያስብ አልነበረም።

ማሞ ወልዴ በግንቦት 1994 ዓ.ም. ሲያርፍ በዚያው በቅዱስ ዮሴፍ ተቀብሯል።